ብዙ ጎጆ ወይስ አንድ አዳራሽ? (ስለ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒዩተር ክፍሎች መዋሐድ)

በዛሬው ጊዜ በማንኛውም ዩኒቨርሲቲ የሚማር ሰው በቀን ውስጥ ስንት ጊዜ ከኮምፒዩተር ጋር ጉዳይ እንዳለው ቢቈጥር ሳይደነቅ አይቀርም። ለትምህርት የሚመዘገበው፣ የፈተና ውጤቱን የሚያየው፣ መጽሐፍ የሚዋሰው፣ ለመምህሩ ጽሑፍ የሚያስረክበው፣ ክፍያውን የሚከፍለው በዚሁ መሣሪያ አማካይነት ነው። ነገር ግን ይህን ሁሉ ሥራ ከበስተ ጀርባ ሆነው የሚያካሂዱት ሰዎች እነማን እንደ ሆኑ፣ ለማን እንደሚታዘዙ፣ በጀታቸውም ከየት እንደሚመጣ የሚጠይቅ ተማሪ ጥቂት ነው። አንድ ቀን ጧት ኔትዎርኩ ሲቋረጥ ብቻ ሁላችንም በአንድ ድምፅ «ኧረ ለመሆኑ የዚህ ነገር ባለቤት ማን ነው?» እንላለን።

የዚህም ጽሑፍ ሐሳብ ይህንኑ የባለቤትነት ጥያቄ በተቻለ መጠን ለማብራራት ነው። በልዩ ልዩ አገሮች በሚገኙ ዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ተበታትነው ይሠሩ የነበሩትን የኮምፒዩተር ክፍሎች ወደ አንድ ማዕከላዊ ድርጅት የማጠቃለል ሥራ ተደጋግሞ ታይቷል። አንዳንዶች ይህን እንደ ታላቅ መሻሻል ሲቈጥሩት፣ ሌሎች ደግሞ በቅርብ ያገኙት የነበረውን ረዳት የሚያሳጣ ቢሮክራሲ ነው ይሉታል። ሁለቱም ወገኖች ከፊል እውነት ይዘዋል።

«ነገሩ የመሐንዲሶች ጉዳይ ከሆነ የአርትስ ፋኩልቲ ተማሪ ምን ጥልቅ አደረገው?» የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ እናውቃለን። መልሱ ቀላል ነው። ሽቦውንና ማሽኑን የሚያውቁት መሐንዲሶች ናቸው፤ ማን ያዛል፣ ማን ይጠየቃል፣ ማን ይጠቀማል የሚለው ግን የአስተዳደር ጥያቄ ስለ ሆነ ሁላችንንም ይመለከታል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢው እንዲያስታውስልን እንለምናለን።

ክፍሎቹ ስለምን ተበታተኑ?

የነገሩን ሥር ለመረዳት አንድ የታወቀ ዩኒቨርሲቲ ታሪክ እንመልከት። በእንግሊዝ አገር የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ በ1937 ማቴማቲካል ላቦራቶሪ የተባለ ክፍል አቋቋመ። ከጦርነቱ በኋላ በዚህ ክፍል ውስጥ በሞሪስ ዊልክስ መሪነት የተሠራው ኤድሳክ የተባለው ኮምፒዩተር ሜይ 6 ቀን 1949 የመጀመሪያውን ፕሮግራም አካሄደ፤ ይኸውም ቍጥሮችን በራሳቸው እያባዛ ሠንጠረዥ የሚያወጣ ነበር። ኤድሳክ እንደ አሮጌ ራዲዮ አምፖል ባሉ 3,000 ያህል ቫልቮች የሚሠራ፣ አንድ ሰፊ ክፍል የሚሞላ ማሽን ነበር።

በዚያን ጊዜ የመበታተን ጥያቄ ሊነሣ አይችልም ነበር። ማሽኑ አንድ ስለ ነበረ ቤቱም አንድ ነበረ። የፊዚክሱም ሆነ የባዮሎጂው ሊቅ ስሌቱን ይዞ ወደዚያው ይሄዳል፤ ተራውን ይጠብቃል፤ ውጤቱን ይዞ ይመለሳል። ማዮግሎቢን የተባለውን ፕሮቲን ቅርጽ በመመርመር በ1962 የኖቤል ሽልማት የተካፈለው ጆን ኬንድሩ ከእነዚህ የኤድሳክ ደንበኞች አንዱ ነበር። በ1970 ላቦራቶሪው ኮምፒዩተር ላቦራቶሪ የሚል ስም ሲሰጠው፣ ለመላው ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት የሚሰጠው ወገን ኮምፒዩቲንግ ሰርቪስ ተብሎ የራሱ ዲሬክተር ተሾመለት። ይህም ክፍል ከ1973 ጀምሮ በአይ.ቢ.ኤም. ማሽን ላይ ፊኒክስ የሚባለውን ሥርዓት ዘርግቶ፣ ማሽኖቹን በየጊዜው እየለወጠ፣ እስከ 1995 ድረስ ተማሪውንም መምህሩንም በአንድነት ሲያገለግል ቈየ።

ታዲያ መበታተኑ ከየት መጣ? ሁለት ምክንያቶች ነበሩ።

አንደኛው የመሣሪያው ዋጋ መርከስ ነው። በ1980ዎቹ ዓመታት በጠረጴዛ ላይ የሚቀመጡ ትናንሽ ኮምፒዩተሮች ገበያውን ሲሞሉት፣ አንድ ትንሽ የትምህርት ክፍል እንኳ ከራሱ በጀት ቀንሶ መግዛት ቻለ። ማሽኑ ከተገዛ በኋላ የሚጠብቀው ሰው ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ከክፍሉ ተመራቂዎች መካከል እጁ ከመሣሪያ ጋር የሚስማማው አንዱ ይቀጠራል። ይህ ሰው ኔትዎርክ ይዘረጋል፤ የኢሜይል ሰርቨር ያቆማል። እንዲህ እንዲህ እያለ ማንም ሳያቅደው በየክፍሉ አንዳንድ ጎጆ ተቀለሰ።

ሁለተኛው ምክንያት የአስተዳደሩ ሥራ ነው። የደመወዝ፣ የሒሳብ፣ የተማሪዎች መዝገብና የመሳሰለው ሥራ ምስጢርና ጥንቃቄ የሚጠይቅ ከመሆኑም በላይ፣ የሚሠራበት ፕሮግራም ከተመራማሪው ፕሮግራም ፈጽሞ የተለየ ነው። ስለዚህ አስተዳደሩ የራሱን የኮምፒዩተር ክፍል አቋቋመ። በውጤቱም በአንድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሦስት ዐይነት ቤቶች ተገኙ፤ አንደኛው ለሁሉ አገልግሎት የሚሰጠው ማዕከል፣ ሁለተኛው የአስተዳደሩ ክፍል፣ ሦስተኛው በየትምህርት ክፍሉ የተበተኑት ረዳቶች ናቸው። ማንኛቸውም በስንፍና ወይም በክፋት የተፈጠሩ አለመሆናቸውን ልብ ማለት ይገባል። ሁሉም የተወለዱት ከእውነተኛ ችግር ነው።

መዋሐድ ማለት ምን ማለት ነው?

የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ በ2012 ሦስት ክፍሎቹን አዋሐደ። እነዚህም ለመላው ዩኒቨርሲቲ የሚያገለግለው ኮምፒዩቲንግ ሰርቪስስ፣ የአስተዳደሩን ፕሮግራሞች የሚያካሂደው ክፍል፣ እንዲሁም የአስተዳደር ሠራተኞችን ኮምፒዩተር የሚጠብቀው የረዳቶች ቡድን ነበሩ። ከእነርሱም አይ.ቲ. ሰርቪስስ የተባለ አንድ ድርጅት ተመሠረተ። ካምብሪጅም በ2014 ከላይ የተጠቀሰውን ኮምፒዩቲንግ ሰርቪስና የአስተዳደሩን የኢንፎርሜሽን ክፍል አዋሕዶ ዩኒቨርሲቲ ኢንፎርሜሽን ሰርቪስስ የሚባለውን ድርጅት አቋቋመ።

ከዚህ ላይ አንድ ነገር መታወቅ አለበት። «ክፍሎቹ ተዋሐዱ» ሲባል ብዙ ሰው የሚመስለው በሮቹ ላይ የተለጠፈው ስም እንደ ተለወጠ ነው። እውነተኛ ውሕደት ግን በአራት ነገሮች ይለካል። መጀመሪያ በጀቱ አንድ ይሆናል። ሁለተኛ ሠራተኞቹ ለአንድ አለቃ ተጠሪ ይሆናሉ። ሦስተኛ የሰዎች መዝገብ፣ ማለት ማን ተማሪ፣ ማን መምህር፣ ማን ተሰናባች እንደ ሆነ የሚነግረው ዝርዝር፣ አንድ ይሆናል። አራተኛ ኔትዎርኩ፣ ሰርቨሮቹና የመዛግብቱ ማከማቻ በአንድ እጅ ይገባሉ። ከእነዚህ አራቱ አንዱ እንኳ ከጐደለ ውሕደቱ በወረቀት ላይ ብቻ የቀረ ነው።

ደግሞም መዋሐድ ማለት ሁሉን መዋጥ ማለት አይደለም። በካምብሪጅ ራሳቸውን የሚያስተዳድሩ 31 ኮሌጆች አሉ፤ የ2014ቱ ውሕደት የኮሌጆቹን የኮምፒዩተር ሠራተኞች አልጠቀለለም። የትምህርት ክፍሎችም ብዙዎቹ የራሳቸውን ረዳቶች እንደ ያዙ ቈይተዋል። ስለዚህ አንድ ሰው «ሁሉ ነገር አንድ ሆኗል» ቢለን፣ «የትኛው ነገር?» ብለን መጠየቅ ይገባናል።

ከመዋሐድ የሚገኘው ጥቅም

አንደኛው ጥቅም ሀብት መቈጠብ ነው። 20 የትምህርት ክፍሎች 20 የኢሜይል ሰርቨሮች ካሏቸው፣ አንዱን ሥራ 20 ሰዎች እየደጋገሙ ይሠሩታል ማለት ነው። ከዚህም የሚከፋው፣ እያንዳንዱ ጎጆ የቆመው በአንድ ሰው ላይ መሆኑ ነው። ያ ሰው ሲታመም አገልግሎቱም አብሮት ይታመማል፤ ሥራ ሲለቅ ደግሞ በጭንቅላቱ ይዞት የነበረው ዕውቀት አብሮት ይሄዳል። በአንድ ድርጅት ውስጥ ግን አንዱ ሲያርፍ ሌላው ይተካዋል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው የአባቶች ተረት ከዚህ ላይ በትክክል ይሠራል።

ሁለተኛው ጥቅም የመዝገብ አንድነት ነው። ይህን ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም፤ የገዛ ስማችን ይበቃናል። «ፀሐይ» የምትባል አንዲት ተማሪ ብትኖር፣ ሬጅስትራሩ «ፀሐይ» ብሎ ይጽፋታል፤ ቤተ መጻሕፍቱ «ጸሐይ» ይላታል፤ መኝታ ቤት የሚያድለው ጽሕፈት ቤት ደግሞ «ፀሀይ» ብሎ ይመዘግባታል። ሰው ሦስቱንም ሲያነብ አንዲት ልጅ መሆኗን ያውቃል። ኮምፒዩተር ግን ፊደሉ ከተለየ ሰውየውም የተለየ ነው ብሎ ያምናል፤ ስለዚህ ለእርሱ ሦስት ልጆች ናቸው። ስሟ በላቲን ፊደል ሲጻፍማ የአጻጻፉ ዐይነት ከዚህም ይበዛል። በውጭ አገር የሚማሩ ወገኖቻችን ደግሞ የአባታቸው ስም እንደ ቤተ ሰብ ስም እየተቈጠረ፣ በአንዱ መዝገብ በራሳቸው ስም፣ በሌላው በአባታቸው ስም መፈለግ ግድ ይሆንባቸዋል። መዝገቡ አንድ ሲሆንና ለእያንዳንዱ ሰው የማይለወጥ መለያ ቍጥር ሲሰጠው ግን ስሕተቱ አንድ ጊዜ ይታረማል፤ እርማቱም በሁሉ ቦታ ይደርሳል። ተማሪው በአንድ ስምና በአንድ የይለፍ ቃል ሁሉን በር ይከፍታል፤ ሲመረቅም ሁሉም በር በአንድ ጊዜ በሥርዓት ይዘጋል።

ሦስተኛው ጥቅም ከአደጋ መጠበቅ ነው። በሆላንድ አገር በሚገኘው በማስትሪኽት ዩኒቨርሲቲ በ2019 የደረሰው ነገር ለብዙዎች ትምህርት ሆኗል። በኦክቶበር ወር ተንኰል ያለበት ኢሜይል ተልኮ ተከፈተ። ወንበዴዎቹ በዚያች ቀዳዳ ገብተው፣ በወቅቱ ያልታደሱ ሰርቨሮችን እየፈለጉ፣ ከሁለት ወር በላይ ሳይታወቅባቸው በኔትዎርኩ ውስጥ ሲዘዋወሩ ከረሙ። ከዚያም ለገና በዓል ዋዜማ፣ ዲሴምበር 23 ቀን፣ 267 ሰርቨሮችን በምስጢር ቍልፍ ቈለፉና ማስፈቻ ገንዘብ ጠየቁ። ዩኒቨርሲቲውም ከብዙ ጭንቀት በኋላ 30 ቢትኮይን፣ ማለት ወደ 200,000 ዩሮ የሚጠጋ ገንዘብ ከፈለ። በ2022 የተወሰነው ገንዘብ በፖሊስ ብርታት ሲገኝ፣ የቢትኮይን ዋጋ በመካከሉ በጣም ጨምሮ ስለ ነበር የተመለሰው ወደ 500,000 ዩሮ ያህል ሆነ፤ ዩኒቨርሲቲውም ገንዘቡን ለተቸገሩ ተማሪዎች መርጃ እንዲውል ወሰነ።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እንማራለን። አንድ አጥር ያለው ግቢ የሚጠበቀው በጠንካራው ግንብ ሳይሆን በደካማው ጥግ ልክ ነው። በአንድ ጎጆ ውስጥ የተረሳ ያልታደሰ ማሽን ለመላው ዩኒቨርሲቲ የሌባ መግቢያ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሁሉን ማሽን የሚቈጥር፣ የሚያድስና የሚጠብቅ አንድ ባለ ሥልጣን ያስፈልጋል። ሆኖም ሁለተኛውን ትምህርት መዘንጋት የለብንም። ኔትዎርኩ አንድ ወጥ ሆኖ በውስጡ መለያ ግድግዳ ከሌለው፣ አንዱን ክፍል የሰበረ ሌባ ሁሉንም ይዘርፋል። አንድ አዳራሽ ሲሠራም በውስጡ የሚዘጉ በሮች ሊኖሩት ይገባል።

ከመዋሐድ የሚመጣው ጉዳት

አሁን ደግሞ የሌላውን ወገን ክርክር እንስማ።

የመጀመሪያው ጉዳት የቅርብ ዕውቀት መጥፋት ነው። ለኢሜይልና ለኔትዎርክ የታሪክ ክፍልና የኬሚስትሪ ክፍል ልዩነት የላቸውም። ለሥራው ለራሱ ግን ልዩነታቸው የሰማይና የምድር ያህል ነው። የእኛን ፋኩልቲ ነገር እንውሰድ። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ፣ ማለት በዓለም አቀፉ የፊደላት የቍጥር ሥርዓት፣ ውስጥ የገባው በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የአማርኛ ፎንት የሚሠራ ሁሉ ለእያንዳንዱ ፊደል የመሰለውን ቍጥር ይሰጥ ስለ ነበር፣ በአንዱ ፎንት የተጻፈ ጽሑፍ በሌላው ሲከፈት ትርጕም የሌለው የምልክት ጋጋታ ይሆናል። በዚያ ዘመን የተጻፈ አንድ የመመረቂያ ጽሑፍ በዲስክ ተገኘ እንበል። ክፍሉ ውስጥ ያለው ረዳት የትኛው ፎንት እንደ ነበረ ያውቃል፤ መለወጫውንም ያዘጋጃል። ማዕከላዊው ድርጅት ግን ለጠያቂው ተራ ቍጥር ሰጥቶ ያሰናብተዋል፤ ከብዙ ቀንም በኋላ «ፋይሉ ተበላሽቷል» የሚል መልስ ይልክለታል። ፋይሉ ግን አልተበላሸም፤ የጠፋው የሚያውቀው ሰው ነው።

ሁለተኛው ጉዳት የፈጠራ መቀዝቀዝ ነው። በ1995 በካምብሪጅ ኮምፒዩቲንግ ሰርቪስ ይሠራ የነበረ ፊሊፕ ሄዝል የተባለ ሰው የገዛ ዩኒቨርሲቲው ኢሜይል የሚተላለፍበትን አዲስ ፕሮግራም ጻፈ። ስሙን ኤክሲም አለው። ይህ ለአንድ ግቢ ችግር ተብሎ የተጻፈ ፕሮግራም በነጻ ተሰራጭቶ በዓለም ላይ በብዛት ከሚሠራባቸው የኢሜይል ማስተላለፊያዎች አንዱ ለመሆን በቅቷል። ለእውነት ለመናገር ያህል፣ ሰውየው የሚሠራው በማዕከላዊ ክፍል ውስጥ እንጂ በትንሽ ጎጆ ውስጥ አልነበረም። ስለዚህ ማዕከል መሆን ብቻውን ፈጠራን አይገድልም። ፈጠራን የሚገድለው ድርጅቱ በገፋ ቍጥር የሠራተኛው እጅ በቅጽና በፈቃድ ሲታሰር፣ ችግሩን የሚያውቀው ሰውና የመወሰን ሥልጣን ያለው ሰው እየተራራቁ ሲሄዱ ነው። «ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ለአጣሪው» ይባል የለም?

ሦስተኛው ጉዳት አደጋው በአንድ ጊዜ ሁሉን የሚመታ መሆኑ ነው። በሎንዶን ከተማ የሚገኘው ኪንግስ ኮሌጅ በኦክቶበር 2016 የማዕከላዊው መዝገብ ማከማቻ ማሽን ተበላሸበት። ብልሽቱ የጀመረው በአንድ የማሽኑ አካል ነበር፤ ሲጠገን ግን ጠቅላላው ማከማቻ ወደቀ። ብዙ አገልግሎቶች ለቀናት፣ አንዳንዶቹም ለሳምንታት ተቋረጡ። ከዋናው ውጭ የተቀመጠ ሙሉ መጠባበቂያ ቅጂ ያልነበራቸው መዛግብት ስለ ነበሩ አንዳንዱ ነገር እስከ መጨረሻው ጠፋ። ከዚያ በኋላ የተደረገው የውጭ ምርመራ ያወጣው ዋና ነገር፣ የኮምፒዩተሩ ክፍል መምህራኑ በጋራው ማከማቻ ላይ ያስቀመጡት ሥራ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው በሚገባ አለመረዳቱን ነው። ጠባቂው የሚጠብቀውን ነገር ዋጋ ካላወቀ የግንቡ መወፈር ብቻውን ምን ይረባል?

ስሕተቱ በማሽን ሳይሆን በአስተዳደር እንደሚጀምር የሚያሳይ ሌላም ማስረጃ አለ። ካምብሪጅ በኦገስት 2000 ካፕሳ የተባለ አዲስ የሒሳብ ሥርዓት በሥራ ላይ ሲያውል ታላቅ ግራ መጋባት ተፈጠረ፤ ክፍሎች ሒሳባቸውን ማወቅ ተቸገሩ፤ በሚሊዮን የሚቈጠር ፓውንድም ወጣ። ፕሮፌሰር አንቶኒ ፊንከልስታይንና ማይክል ሻቶክ መርምረው በ2001 የወጣው ሪፖርታቸው ጥፋቱ የቴክኒክ ብቻ ሳይሆን የአመራርና የኀላፊነት መሆኑን በግልጽ አሳየ። የሚሠሩበት ሰዎች በበቂ አልተማከሩም፤ በበቂ አልሠለጠኑም፤ የመጨረሻው ተጠያቂም ማን እንደ ሆነ ግልጽ አልነበረም። ይህን ሪፖርት ለመላው የዩኒቨርሲቲው አባላት በታተመ ጋዜጣው ላይ ማውጣቱ ግን ካምብሪጅን የሚያስመሰግነው ነው። ስሕተቱን የሚደብቅ ድርጅት ተመልሶ እዚያው ይወድቃል።

ሚዛኑ የት ላይ ነው?

እንግዲህ ሁለቱን ወገኖች ካዳመጥን በኋላ ፍርድ መስጠት ይገባናል። በእኛ አስተያየት ትክክለኛው ጥያቄ «ይዋሐዱ ወይስ አይዋሐዱ?» የሚለው አይደለም። ትክክለኛው ጥያቄ «የትኛው ሥራ ወደ ማዕከል ይሂድ? የትኛውስ በክፍሉ ይቅር?» የሚለው ነው። ለዚህም አንድ ቀላል መለኪያ አለ። ለሁሉ ሰው አንድ ዐይነት የሆነ ሥራ ወደ ማዕከል ይሂድ፤ እንደ ትምህርቱ ዐይነት የሚለያይ ሥራ ከትምህርቱ አጠገብ ይቈይ። ኔትዎርክ፣ ኢሜይል፣ የሰዎች መዝገብ፣ የይለፍ ቃል፣ መጠባበቂያ ቅጂና ከአደጋ መከላከል ለሁሉ አንድ ናቸው። የቋንቋ ጥናት ድምፅ ቅጂዎች፣ የካርታ ሥራ፣ የላቦራቶሪ መሣሪያዎች፣ የብራና መጻሕፍት ፎቶግራፎች ግን እያንዳንዳቸው የየራሳቸው አዋቂ ይፈልጋሉ።

ሁለቱ እንዴት እንደሚደጋገፉ ለማየት ከእኛው ትምህርት አንድ ምሳሌ እናምጣ። በሐምቡርግ ዩኒቨርሲቲ «ቤተ መጻሕፍት» የሚል ስም የተሰጠው ሥራ በ2016 ተጀምሯል። ዓላማው የኢትዮጵያንና የኤርትራን የብራና መጻሕፍት መርምሮ ዝርዝራቸውን በኮምፒዩተር አማካይነት ለሁሉ ክፍት ማድረግ ነው። የታቀደለትም ዘመን እስከ 2040 ነው። የዚህን ዐይነት ሥራ መቅረጽ የሚችለው ግዕዝ የሚያውቅ ሊቅ እንጂ ከሩቅ ያለ ጽሕፈት ቤት አይደለም። ነገር ግን 25 ዓመት የሚፈጅ ሥራ በአንድ ሰው ጠረጴዛ ሥር በተቀመጠ ማሽን ላይ እንዲኖር ማድረግም ሞኝነት ነው። ሊቁ ጡረታ ይወጣል፤ ማሽኑ ያረጃል፤ ዕውቀቱ ግን መኖር አለበት። ስለዚህ ዕውቀቱን የሚወልደው የቅርብ ሰው ሲሆን፣ የሚያቈየው ዘላቂው ተቋም ነው።

ይህ እንዲሳካ ግን አንዳንድ ነገሮች መሟላት አለባቸው። በየክፍሉ የነበሩት ረዳቶች ከማዕከሉ ደመወዝና ሥልጠና እያገኙ፣ ከክፍላቸው ሳይነቀሉ እንዲሠሩ ማድረግ ይቻላል፤ እንዲህ ከሆነ ሲታመሙ የሚተካቸው ሰው አለ፤ ክፍሉም የሚያውቁትን ሰው አላጣም። ማዕከሉ ለሚሰጠው አገልግሎት የጽሑፍ ቃል ኪዳን ይግባ፤ ብልሽት ሲነገረው በስንት ሰዓት መልስ እንደሚሰጥ አስቀድሞ ይወስን፤ ቃሉንም መፈጸም አለመፈጸሙን በየጊዜው ያስታውቅ። መጠባበቂያ ቅጂ አለ መባሉ ብቻ አይበቃም፤ ከቅጂው ተመልሶ ሊወጣ መቻሉ በተግባር ይፈተን። ያልተፈተነ ቅጂ ተከፍቶ እንዳልታየ ጐተራ ነው፤ እህል ይኑርበት ነቀዝ ማን ያውቃል?

ከሁሉ በላይ ደግሞ ገንዘብን ስለ መቈጠብ የሚነገረው ነገር በጥንቃቄ ይታይ። በውሕደት የሚገኘው ቍጠባ ቶሎ አይደርስም። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አሮጌውና አዲሱ ሥርዓት ጐን ለጐን መካሄድ ስላለባቸው ወጪው እንዲያውም ይጨምራል። ገና ከጅምሩ በጀቱን የቀነሰ አስተዳደር አዲሱ ቤት ሳይሠራ አሮጌውን እንዳፈረሰ ሰው ነው፤ ክረምቱ ሜዳ ላይ ይደርስበታል።

የተማሪው ድርሻ

ጓደኞቼ ተማሪዎች! እነዚህ ነገሮች የሚወሰኑባቸው ኮሚቴዎች ስብሰባ አሰልቺ ነው። አጀንዳውም ማንንም የሚማርክ አይደለም። ነገር ግን ኔትዎርኩ በፈተና ሳምንት ሲቋረጥ፣ የምዝገባው በር በመጨረሻው ሰዓት ሲዘጋ፣ የሦስት ዓመት ጽሑፍ የያዘው ፋይል ሲጠፋ፣ ቅድሚያ የሚጐዳው እኛው ነን። መምህሩ ሌላ ሴሚስተር አለው፤ አስተዳደሩ ሌላ በጀት ዓመት አለው፤ ተማሪው ግን የሚመረቀው አንድ ጊዜ ነው።

ስለዚህ የተማሪዎች ማኅበር የትም ቦታ የኮምፒዩተር ክፍሎች የመዋሐድ ነገር ሲነሣ በዝምታ መመልከት የለበትም። የተቃውሞ ጩኸት ይነሣ ማለታችን አይደለም፤ ከዚህ በላይ እንደ ታየው በውሕደቱ ውስጥ ለተማሪው የሚጠቅም ብዙ ነገር አለ። ይልቁን ማኅበሩ አምስት ጥያቄዎችን በጽሑፍ አዘጋጅቶ ያቅርብ። አንደኛ፣ በአዲሱ ድርጅት ላይ የሚቈጣጠረው ኮሚቴ ውስጥ የተማሪ ወኪል ድምፅ አለው ወይ? ሁለተኛ፣ በየክፍሉ ያሉት ረዳቶች ወዴት ይሄዳሉ? ሦስተኛ፣ የተማሪው የግል መዝገብ በአንድ ቦታ ሲከማች ማን ሊያየው ይችላል? ያየውስ ሰው ስም ይመዘገባል ወይ? አራተኛ፣ መጠባበቂያው ቅጂ የት ተቀምጧል? በመጨረሻ የተፈተነውስ መቼ ነው? አምስተኛ፣ አንድ ነገር ሲበላሽ ስሙ ታውቆ መልስ የሚሰጠው ኀላፊ ማን ነው?

እነዚህን አምስት ጥያቄዎች በግልጽ ሊመልስ የሚችል ድርጅት ቢዋሐድ አያስፈራም። ሊመልስ የማይችል ግን ተበታትኖ ቢኖርም ተጠቃልሎ ቢኖርም ለተማሪው ልዩነት የለውም። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ማለት መልካም ነው፤ ነገር ግን ድሩን የሚፈትለው ማን እንደ ሆነ፣ የሚታሰረውም አንበሳው ይሁን ደንበኛው አስቀድሞ መጠየቅ የአስተዋይ ሰው ሥራ ነው።